የነዳጅ ሴንደር ምንድን ነው? ጌጁን ከመንቀላችሁ በፊት

«ጌጁ ሞቷል፤ ቀይረው።» አሮጌ መኪና የነዳጁን መጠን በትክክል አልናገር ባለ ቁጥር ይህ ፍርድ ከአንዱ አፍ አይጠፋም። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ማስረጃ ጭምር አለኝ ብሎ መጣ፦ «የሴንደሩን ሽቦ ነቅለህ ማሳ አስነካው። ፉል ካላለ ጌጁ አልቆለታል።» ማሳ የሚባለው ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተገናኘው የመኪናው ብረት ነው። ሰውም ምክሩን ተቀበለው። ችግሩ ምክሩ ለአንዳንዱ መኪና ልክ፣ ለሌላው ደግሞ ፍጹም የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ምክር ሰምቶ ደህና ጌጅ ነቅሎ የሚጥል፣ አዲስ ገዝቶ የሚገጥም፣ ከዚያም «አዲሱም ያው ነው» ብሎ የሚደነቅ ሰው ብዙ ነው።

የስሕተቱ መነሻ ስም ነው። ዳሽቦርድ ላይ ያለውንም፣ ታንኩ ውስጥ ያለውንም «ጌጅ» እያልን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ጌጅ ዳሽቦርድ ላይ ያለው ጠቋሚ ብቻ ነው። ሴንደር ደግሞ ታንኩ ውስጥ የሚቀመጠው ክፍል ነው፦ ተንሳፋፊ አለው፤ ተንሳፋፊው በቀጭን የሽቦ ክንድ ተይዟል፤ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ጫፉ ላይ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ ሬዚስታንስ (ከረንት እንደ ልብ እንዳያልፍ የሚይዝ እንቅፋት) ባለው ንጣፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። ነዳጁ ከፍ ዝቅ ሲል ሬዚስታንሱ ይለወጣል፤ በሽቦው የሚያልፈው ከረንትም አብሮ ይለወጣል፤ ጠቋሚው ያንን ያሳያል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ሊትር የሚባል ነገር የትም የለም።

ነገሩን እንደ ችሎት እዩት። ጠቋሚው ዳኛው ነው፤ ታንኩን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የዓይን ምስክሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ተንሳፋፊው። ምላሷና ንጣፉ የምስክሩን ቃል የሚመዘግብ ጸሐፊ ናቸው። ሽቦው መዝገቡን ይዞ የሚሮጥ መልእክተኛ ሲሆን ማሳው፣ ግራውንድ የሚሉትም አሉ፣ መልእክተኛው የሚመለስበት መንገድ ነው። ምስክሩ ዋሽቶ፣ ጸሐፊው ተሳስቶ ወይም መልእክተኛው መንገድ ላይ ቀርቶ ዳኛውን መሻር ምን ይባላል? ዳኛው የሚያጠፋበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም፤ ግን ተጠርጣሪዎቹ በሰልፍ ከቆሙ እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው። ምክንያቱም እሱ ደረቅና ንጹሕ ቦታ ተቀምጧል፤ ሌሎቹ በነዳጅ ተነክረው፣ ጭቃና ውሃ እየተረጨባቸው ዓመታት ኖረዋል።

ምስክሩ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ የሚያየው ትንሽ ነው። የሚያውቀው ቁመት ብቻ ነው፤ ያውም የቆመባትን ቦታ ቁመት። ታንክ ደግሞ አራት ማዕዘን ሣጥን አይደለም፤ ለአክሰሉ፣ ለጭስ ማውጫውና ለመለዋወጫ ጎማው ቦታ ሲባል ተጣሞና ጎብጦ የተሠራ ነው። ስለዚህ ከሙሉ እስከ ግማሽ 250 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ከግማሽ እስከ ባዶ 170 ብቻ ቢሄድ ጌጁ ተበላሸ ማለት ላይሆን ይችላል። ታንኩ ጢም ሲል ተንሳፋፊው ጣሪያ ይነካና ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ነዳጅ አያውቀውም። ሞልታችሁ ብዙ መንገድ ሄዳችሁ ጠቋሚው «ኤፍ» (ሙሉ) ላይ ተገትሮ የሚቀረው ለዚህ ነው። ከታችም እንዲሁ ነው፤ «ኢ» (ባዶ) ላይ ሲደርስ ሪዘርቭ ይቀራል። ዳገት ላይ ሲቆም አንዱን፣ ቁልቁለት ላይ ሌላውን ቢያነብ ምስክሩ የቆመው ከታንኩ መሀል ሳይሆን ከአንዱ ጫፍ ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ብልሽት አይደለም።

አሁን ወደዚያ የማሳ ምክር እንመለስ። ሴንደሮች ሁሉ አንድ ቋንቋ አይናገሩም። ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ታንኩ ሲሞላ ወደ 3 ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ ነው)፣ ባዶ ሲሆን ወደ 110 ኦም ይሰጣሉ። የቀድሞዎቹ የአሜሪካ ፎርዶች ሙሉው 10፣ ባዶው 73 አካባቢ ነው። የጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) መኪኖች ግን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሠሩት በተቃራኒው ነው፤ ባዶ 0፣ ሙሉ 90 ኦም። በአውሮፓ መኪኖች ላይ የሚዘወተረው ቪዲኦ (VDO) የተባለው ኩባንያ ሴንደር ባዶ ላይ 10፣ ሙሉ ላይ 180 ነው። ሽቦውን ማሳ ማስነካት ማለት ለጌጁ «0 ኦም ነው» ብሎ መንገር ነው። ቶዮታው ይህንን ሲሰማ «ሙሉ» ይላል፤ ጂኤሙ «ባዶ» ይላል። ሽቦውን ነቅሎ አየር ላይ መተው ደግሞ «ሬዚስታንሱ ወሰን የለውም» ማለት ነው፤ ቶዮታው ወደ ባዶ ይወርዳል፤ ጂኤሙ ከሙሉ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ማሳ ነክቶ ፉል ያላለ ጌጅ ሞቷል ማለት አይቻልም። ምናልባት የተጠየቀውን በራሱ ቋንቋ በትክክል መልሷል።

የዚህ ሙከራ ትክክለኛ ጥያቄ «ወዴት ሄደ?» ሳይሆን «ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ ወይ?» ነው። ሽቦው ተነቅሎ አንድ ጫፍ፣ ማሳ ነክቶ ሌላ ጫፍ ከደረሰ ጌጁም እስከዚያ ያለው ሽቦም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ሴንደሩ ወይም ማሳው ላይ ነው። አቅጣጫው የሚነግራችሁ የሴንደሩን ቤተሰብ ብቻ ነው። ሙከራው መሠራት ያለበት ደግሞ ታንኩ ጋ ባለው ሶኬት ላይ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ብትሠሩት የፈተናችሁት ዳኛውን ብቻ ነው፤ መልእክተኛውን አልነካችሁትም። ታንኩ ጋ ሲሞከር ዝም ያለ ጠቋሚ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሲሞከር ከተንቀሳቀሰ መሀል ላይ ሽቦ ተቆርጧል ወይም ሶኬት ዝጓል።

እዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቅ መነገር ያለባቸው ነገሮች አሉ። ሙከራው የሚሠራው ሴንደሩ ታንኩ ላይ እንደታሰረ፣ አካባቢው ላይ የነዳጅ ሽታ ሳይኖር ነው። ክፍት ታንክ አጠገብ ሽቦ ማስነካት ብልጭታን ከነዳጅ ትነት ጋር ማገናኘት ነው። ሁለተኛ፣ ጠቋሚያቸው ቁልፍ ሲከፈት ቀስ ብሎ የሚነሣ አሮጌ ጌጆች የሚሠሩት በሙቀት በሚታጠፍ ጥንድ ብረት ነው፤ በቀጥታ ማሳ ላይ ብዙ ከቆዩ ውስጣቸው ያለው የማሞቂያ ሽቦ ሊቃጠል ይችላል። በመሀል 10 ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር አስገብታችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ቸኩላችሁ በሁለት ሰከንድ «አይንቀሳቀስም» ካላችሁ ጌጁ ገና መሞቅ አልጀመረም። ሦስተኛ፣ ሴንደሩ መረጃውን መጀመሪያ ለኮምፒውተር የሚሰጥባቸው አዳዲስ መኪኖች በዚህ ሙከራ አይዳኙም።

ሬዚስታንሱን መለካት ከማሳው ሙከራ ይበልጣል። ቁልፉን ዝጉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርጋችሁ በሴንደሩ ፒንና በማሳው መካከል ለኩ። ከረንት ባለበት መስመር ላይ ኦም መለካት የሚሰጠው ቁጥር ትርጉም የለውም፤ አንዳንዴ ቴስተሩንም ይጎዳል። «ከ3 እስከ 110 ከሆነ ግማሽ ላይ 55 መሆን አለበት» የሚል ሌላ ሊቅ ይመጣል። አይደለም። በእነዚያ ቶዮታዎች ግማሽ ታንክ 32 ኦም አካባቢ ነው። ንጣፉ ሆን ተብሎ እኩል ባልሆነ አከፋፈል የተሠራው የታንኩን ቅርጽና የጌጁን ጠባይ ለማካካስ ነው። 55ን ፍለጋ የተንሳፋፊውን ክንድ ያጣመመ ሰው ደህናውን ሴንደር በእጁ አበላሸ።

ጠቋሚው የሚያሳየው ጠባይ ራሱ ብዙ ይናገራል። ንጣፉ የሚበላው ምላሷ አብዝታ በምትመላለስበት ቦታ ነው፤ ታንኩን ሁልጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ ባለው መሀል የሚያቆይ ሰው የዚያን ቦታ ንጣፍ ቀድሞ ይጨርሳል። ምላሷ የተበላው ቦታ ላይ ስትደርስ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ቶዮታውና ፎርዱ ዓይነት ሴንደር ላይ ጠቋሚው ድንገት ወደ ባዶ ይወድቅና ጉድጓድ ሲመታ ይመለሳል። ጂኤሙ ዓይነት ላይ ደግሞ ድንገት ሙሉ ይላል። የመጀመሪያው ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም፤ ሁለተኛው ግን መንገድ ላይ ያስቀራል። ዳሽቦርዱን በጡጫ መትቶ «ተስተካከለ» ማለት ከንቱ ነው። የተስተካከለው በመንገዱ ንቅናቄ ነዳጁ ስለተናወጠና ምላሷ ከተበላው ቦታ ስለወጣች ነው።

ማሳው ከሁሉ የተረሳው ነው። ዝገት በመመለሻው መንገድ ላይ 10 ኦም ጨመረ እንበል። ሙሉ ሲሆን 3 ኦም የሚሰጠው ሴንደር አሁን 13 ይሰጣል፤ ጠቋሚው ጢም ብላችሁ ሞልታችሁም «ኤፍ» አይደርስም፤ ባዶውንም ትንሽ ቀድሞ ይናገራል። ስሕተቱ ወደ ደህናው ጎን ነው። ያው 10 ኦም ባዶው 0 በሆነ ሴንደር ላይ ሲጨመር ግን ታንኩ ደርቆ ጠቋሚው ከ«ኢ» ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከጠቅላላው ስፋት ከዘጠኝ አንድ እጅ ያህል መሆኑ ነው። በሴንደሩ ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። የቴስተሩ ሽቦዎች የራሳቸው ሬዚስታንስ ስላላቸው አስቀድማችሁ እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚያሳዩትን ቁጥር ቀንሱ። ከዚህ የሚቀለው ግን ከሴንደሩ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ጊዜያዊ ሽቦ መዘርጋት ነው። መጀመሪያ ሴንደሩ ጋ፣ ከዚያ ባትሪው ጋ እሰሩት፤ ብልጭታ ቢኖር ከታንኩ ርቆ ይሁን። ጠቋሚው ከተነቃነቀ ሕመሙ ተገኘ። መድኃኒቱ የዛገውን ብሎን ነቅሎ ብረቱን እስኪያበራ መፈግፈግ፣ መልሶ ማሰርና ቅባት መቀባት ነው።

ዳኛው በእውነት የሚጠየቅበት አንድ ምልክት አለ። የነዳጁም የሞተር ሙቀቱም ጌጅ አብረው በአንድ አቅጣጫ ከተሳሳቱ ሁለት ምስክሮች በአንድ ቀን ዋሹ ማለት ይከብዳል። በሙቀት የሚሠሩት ጌጆች ከዳሽቦርዱ ጀርባ ቮልቴጅ የሚያረጋጋ ትንሽ ዕቃ አላቸው፤ ለብዙ የእንግሊዝ መኪኖች 10 ቮልት፣ ለብዙ የአሜሪካ ፎርዶች 5 ቮልት ያህል ይሰጣል። ያ ዕቃ ማሳውን ሲያጣ የባትሪውን ቮልቴጅ እንዳለ ያሳልፋል። ያኔ ዳኛው ከልክ በላይ ጠግቦ ችሎት ይቀመጣል፤ ፍርዱ ሁሉ ወደ ላይ ያጋድላል። ችሎቱን ከዚህ በላይ አልለጥጠውም፤ ኮርቻ በሚመስል ታንክ ግራና ቀኝ ሁለት ሴንደር ያላቸው መኪኖች ላይ ስንደርስ ምስክሮቹ እርስ በርስ ተደምረው ስለሚነበቡ ምሳሌው ይፈርሳል።

ቢጫዋ የሪዘርቭ መብራትስ? ብዙ መኪኖች ላይ መብራቷ በተንሳፋፊው አትታዘዝም። ታንኩ ግርጌ ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች፣ ሬዚስታንሷ በሙቀት የሚለወጥ ትንሽ ዕቃ አለች። ነዳጅ ውስጥ ተነክራ ሳለ ትቀዘቅዛለች፤ ነዳጁ ወርዶ ስትገለጥ ትሞቅና መብራቱን ታበራለች። ስለዚህ ጠቋሚው ሩብ እያለ መብራቷ ከበራች እመኑ እሷን።

ሴንደሩን ለማውጣት ከተወሰነ፣ በብዙ መኪና ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከሻንጣው ወለል ምንጣፍ በታች ክዳን አለ፤ በሌላው ታንኩ መውረድ አለበት። ነዳጁ ከሩብ በታች ይሁን፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ ሥራው አየር በሚንሸራሸርበት ቦታ ይሁን። ክዳኑ ዙሪያ ያለውን አቧራ ከመክፈታችሁ በፊት አጽዱ፤ ካልጸዳ ታንኩ ውስጥ ገብቶ ፓምፑን ያንቃል። የሚጠመዘዝ ቀለበት ያለውን በእንጨት ወይም በነሐስ መትታችሁ አዙሩ፤ ብረት በብረት ብልጭታ ነው። ሴንደሩ ወደየት ዞሮ እንደተቀመጠ ምልክት አድርጉ፤ ዞሮ ከተገጠመ ተንሳፋፊው የታንኩን ግድግዳ ይነካል። አዲስ የማሸጊያ ጎሚኒ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። አሮጌው ከነዳጅ ሲወጣ ያበጠ ስለሆነ ወደ ቦታው አልመለስ ይላል፤ ተገዶ የገባው ደግሞ ትነት ያስወጣል።

ከወጣ በኋላ ነዳጁ ከላዩ ደርቆ፣ ከታንኩ ርቃችሁ ቴስተሩን አስራችሁ ክንዱን ከታች እስከ ላይ በጣም በቀስታ አንቀሳቅሱ። ቁጥሩ ሳይዘል መውጣትና መውረድ አለበት። ለዚህ ዲጂታሉ ይዘገያል፤ ባለ ቀስት አሮጌ ቴስተር የአንድ ቅጽበት መቋረጥን ያጋልጣል። ንጣፉ የጠቆረ ብቻ ከሆነ (ነዳጅ ውስጥ ያለ ድኝ ብር ያለበትን ንክኪ ያጠቁራል) በኮንታክት ማጽጃና በለስላሳ የእርሳስ ላጲስ ይጸዳል። አሸዋ ወረቀት አትንኩ፤ ብዙዎቹ ንጣፎች ቀጭን ቅብ ናቸው፤ ሲፋቁ ያልቃሉ። የተጠመጠመ ሽቦ ያለው ዓይነት ከሆነና ሽቦው ከተበጠሰ ማጽዳት አያድነውም።

ተንሳፋፊውን ወዝውዙት። ውስጡ ነዳጅ ከተንቦጫረቀ ሰምጧል፤ ጠቋሚው ሁልጊዜ ዝቅ ያለው ለዚህ ነው። የነሐስ ተንሳፋፊ ቀዳዳው የሚገኘው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር ነው፦ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና አረፋ ከሚወጣበት ቦታ ታውቁታላችሁ። ውሃውን ሌላ ቦታ አፍልታችሁ አምጡ እንጂ እሳት ላይ እንዳለ አትንከሩ። ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መበየድ ፈንጂ መበየድ ነው፤ ስለዚህ ተንሳፋፊው ለብቻው ከተገኘ መለወጥ ይሻላል። አዲስ ሙሉ ሴንደር ከተገዛም ሳይገጠም በእጅ ይለካ። ክንዱ ከታችና ከላይ የሚሰጠው ኦም ከአሮጌው ቤተሰብ ካልሆነ ብሎኑ ገጠመ ብሎ ማሰር ጠቋሚውን በግልባጭ ማስነዳት ነው።

እስኪጠገን ድረስ ደግሞ በኪሎ ሜትር ቆጣሪ መኖር ይቻላል። ታንኩን ማደያው ላይ ማቆሚያው ጠቅ እስኪል ሙሉ፣ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ፣ በቀጣዩ ሙሌት የተሄደውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ 40 ሊትር ከገባ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ጊዜ ለክቶ ማመን ስሕተት ነው፤ የሦስት አራት ሙሌት አማካይ ውሰዱ። የታንኩ መጠን 50 ሊትር ከሆነ 10 ሊትር ለመጠባበቂያ ተዉ፤ 400 ይወጣል፤ በትራፊክ መቆምና ዳገት አምስተኛውን ቢበላ 320 ላይ መቅዳት ነው። መጠባበቂያው ከመገፋት ብቻ አያድንም። ታንክ ውስጥ የተነከረ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ነው፤ ዘወትር ነዳጁ ግርጌ ላይ ሆኖ የሚነዳ መኪና የፓምፑን ዕድሜ ያሳጥራል። ማቆሚያው ጠቅ ካለ በኋላም አትጨምሩ። 50 ሊትር ቤንዚን በ20 ዲግሪ ሲሞቅ 1 ሊትር ያህል ይሰፋል፤ መሄጃ ይፈልጋል።

ጠቋሚውን ራሱን ማወቅ ለሚፈልግ ሌላ መንገድ አለ። «ኢ» እስኪደርስ ይነዳና፣ ለነዳጅ በተሠራ ጄሪካን 5 ሊትር መጠባበቂያ ተይዞ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ 5 ሊትር እየተለካ ይቀዳል። በየቀዳው ቁልፉ ተዘግቶ ይቀዳ፣ ክዳኑ ከታሰረ በኋላ ቁልፉ ይከፈት፣ ሁለት ደቂቃ ይጠበቅ፣ ጠቋሚው የት እንደቆመ ይጻፍ። ጠቋሚው መሀል ላይ እንደሚዘል ቀድሞ ከታወቀ ግን ይህ ድካም ነው፤ የተበላ ንጣፍ ትላንት ያለውን ዛሬ አይደግምም።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ቢሆን የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ዙሪያው ከፋብሪካው በ5 በመቶ የሚበልጥ ጎማ የታሰረበት መኪና 400 ኪሎ ሜትር ሲጽፍ 420 ሄዷል፤ ስለዚህ በሊትር የሚሄደው ከተሰላው በላይ ይሆናል። ሁሉም ስሌት በዚያው ቆጣሪ እስከተሠራ ድረስ ለመቅጃ ሰዓቱ ለውጥ የለውም። ጎማው በመሀል ከተለወጠ ግን የቀድሞው ቁጥር ተጥሎ እንደገና ይለካ።